የሁለተኛው ሰው ዐይን

በ1949 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥራ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ለሥራው መሪ ለሞሪስ ዊልክስ አንድ መራራ እውነት ተገለጠለት። ኮምፒውተሩ በሕንፃው የላይኛው ፎቅ ነበር፤ ትእዛዛቱ በወረቀት ጥብጣብ ላይ የሚበሱበት መሣሪያ ደግሞ ከዚያ በታች ባለው ፎቅ። በሁለቱ መካከል ሲመላለስ፣ ከቀሪው ዕድሜ ትልቁን ድርሻ በገዛ ፕሮግራሞቹ ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ እንደሚያሳልፈው መረዳቱን በ1985 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፏል።

በእኔ አስተያየት የፕሮግራም ሥራ ሥነ ልቡናዊ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ደረጃ ላይ ነው። የተቃጠለ ቱቦ ይለወጣል፤ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሐሰት ሲሆን ግን መመርመር ያለበት የሰው አእምሮ ነው።

ይህን ጉዳይ አጥብቆ የመረመረው አሜሪካዊው ጄራልድ ዋይንበርግ ነው። በአይቢኤም ሠርቶ ያየውን ይዞ በ1971 ስለ ፕሮግራም ሥራ ሥነ ልቡና አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ብልህ ሰው ዐይኑ ሥር ያለውን ስሕተት ስለ ምን አያይም? መልሱን ሊዮን ፌስቲንገር በ1957 ካቀረበው ንድፈ ሐሳብ ተዋሰ፦ ሰው ስለ ራሱ ካለው እምነት ጋር የሚጋጭ ነገር ሲገጥመው፣ ግጭቱን ለማብረድ ያየውን እስከ መካድ ይደርሳል። ፕሮግራሙን የራሱ አካል አድርጎ የሚቆጥር ሰው የፕሮግራሙ ጉድለት የገዛ ራሱ ጉድለት ይመስለዋልና፣ የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ያነብባል። (ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቤት ያልመታ ስንኝ ለጻፈው ሰው ጆሮ ሁልጊዜ ቤት ይመታል።)

መድኃኒቱ፣ እንደ ዋይንበርግ አሳብ፣ ፕሮግራሙን ከጸሐፊው ክብር ለይቶ ለሌላ ሰው ማስነበብ ነው። ለዚህ ከሚጠራቸው ምስክሮች አንዱ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ነው፤ ራሱን ደካማ ፕሮግራመር እያለ፣ ሥራውን ስሕተት እንዲፈልጉለት ለሰዎች ያድል ነበር። ከመጽሐፉ የማልረሳው ግን ሙሉ ስሙ ያልተጠቀሰ የአንድ ፕሮግራመር ታሪክ ነው። ባልደረባው በ13 መስመር ትእዛዝ ውስጥ 17 ስሕተት አገኘችበት። ሰውየው በመቆጣት ፈንታ ቀኑን ሙሉ እየሳቀ ለሰው ሁሉ አወራው። እርሷ ደግሞ፣ ይህን ያህል ካለ ያመለጠኝም አይጠፋም ብላ ተመለሰችና ሦስት ጨመረች።

እኔ የምውለው በባንክ ነውና ይህን ሳነብ የተደነቅሁት በመድኃኒቱ ሳይሆን በመዘግየቱ ነው። በእኛ ዘንድ ሰነዱን ያዘጋጀው ይፈርማል፣ ያጣራውም ይፈርማል፤ ተናቅሁ ብሎ የሚያኮርፍ የለም። ሒሳቡን ማንም የእኔ ፍጥረት ነው አይልማ! ፕሮግራም ግን እንደ ግጥም ከምናብ የሚወጣ ነገር ነው።

ኔዘርላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራም በ1972 የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ፣ ጥሩ ፕሮግራመር የራስ ቅሉን ጠባብነት ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው ብሎ ነበር። የአይቢኤሙ ማይክል ፌገን ደግሞ በ1976 ለንባቡ ሥርዓት አበጀለት፤ ጥቂት ሰዎች ድርሻቸው ተለይቶ ተሰብስበው ሥራውን ይመረምራሉ። ከደንቦቹ ሁሉ ብልህ የምለው አንዱን ነው፤ የተገኘው ስሕተት ለፕሮግራመሩ የሥራ ምዘና እንዳይውል መከልከሉን። በስሕተቱ ብዛት የሚመዘን ሰው አስቀድሞ የሚማረው መደበቅን ነው።

ለጀማሪ ተማሪ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ትምህርት ቤት ያስለመደው ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ የሚሰረዝ ነውር መሆኑን ነውና። በጄኔቭ ከዣን ፒያዤ ጋር የሠራው ሲሞር ፓፐርት ይህን ለመለወጥ ደከመ። እርሱና ባልደረቦቹ በ1967 ሎጎ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለልጆች ፈጠሩ፤ በኋላም ልጆች በዚህ ቋንቋ «ወደ ፊት»፣ «ወደ ቀኝ» እያሉ ኤሊ የተባለችውን ምልክት በማዘዝ ሥዕል ይሥሉ ጀመር። ፓፐርት በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ የቤት ሥዕልን ምሳሌ ያነሣል። ልጁ አራት ማዕዘን መሣል ያውቃል፣ ሦስት ማዕዘንም ያውቃል፤ ሁለቱን ሲያጋጥማቸው ግን ጣሪያው በግድግዳው አናት በመቀመጥ ፈንታ ከቤቱ ውስጥ ይገኛል። መምህሩ አይሰርዝበትም። ልጁ ከወንበሩ ይነሣና ራሱን ኤሊ አድርጎ ትእዛዛቱን በገዛ እግሩ ይፈጽማል፤ ይራመዳል፣ ይዞራል፣ ይራመዳል፤ አራት ማዕዘኑን ዘግቶ ሲቆምም፣ ጣሪያውን ሊጀምር ያለው ከግድግዳው ሥር መሆኑን ያያል።