«ጠፋ» ወይስ «ተጣለ»?

በኮምፒዩተር መረብ የሚላክ መልእክት ተከፋፍሎ የሚጓዝበትን ክፍል «ፓኬት» ያሰኘው ብሪታንያዊው ዶናልድ ዴቪስ ነው፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው ጽሑፍ ተጠቅሞበታል። ከዚያ በፊት የቋንቋ ባለሙያ አማክሮ በሌሎች ቋንቋዎችም ዘመድ ያለውን ቃል መምረጡ ለሙያችን የሚያስደስት ነው። በአማርኛ «ጥቅል» ቢባል ይስማማል።

አስቸጋሪው ግሱ ነው። የእንግሊዝኛው «ድሮፕ» መውደቅንም መጣልንም ያቅፋል፤ አማርኛ ግን ወደቀን፣ ጠፋንና ተጣለን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል በየጥቅሉ ራስጌ ላይ የቅድሚያ ደረጃ የሚመዘገብበት ስፍራ አበጀ። ቅድሚያ የሚያከብር ራውተር ጥቅሎችን በየደረጃቸው ያሰልፋል፤ የአንዱ ደረጃ ሰልፍ ለቅጽበት ከሞላ፣ መስመሩ በአምስት ደቂቃ አማካይ ሲለካ ግማሹ ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ ትርፉን ይጥላል። ሳሊ ፍሎይድና ቫን ጃኮብሰንማ እ.ኤ.አ. በ1993 ሰልፉ ሳይሞላ አስቀድሞ የሚጥል ስልት አቀረቡ።

እንግዲህ «ጥቅሉ ጠፋ» ብሎ የተረጎመ ሰው ቴክኒሺያኑን ገመድ ሲያስፈትሽ ያውለዋል። «ተጣለ» ቢል ግን ሰውየው «ማን ጣለው?» ብሎ የየሰልፉን ቆጣሪና የተወሰነለትን ርዝመት ይመረምር ነበር። «ጠፋ» የሚለው፣ በእኔ አስተያየት፣ የት እንደቀረ ገና ላልታወቀ ጥቅል ብቻ ቢቆይ ይሻላል።