ትንሹ ሞተርና ትልቁ ቅሬታ፦ ደንብ የማይለካው ነገር ዋጋ

በጥር 2016 ፖርሽ፣ ጣሪያዋ የሚከፈተውን የስፖርት መኪናውን ቦክስተርን በአዲስ ሞተር አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለሃያ ዓመት ገደማ መለያዋ የነበረው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ወጥቶ ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ ተተካ። በወረቀት ላይ ለውጡ ሁሉ መሻሻል ነበር። የመነሻዋ ሞዴል ሞተር ከ2.7 ወደ 2.0 ሊትር ሲያንስ ጉልበቱ ከ265 ወደ 300 ፈረስ ከፍ አለ፤ ባለሙያዎች ቶርክ የሚሉት የማዞር ኃይል ከ280 ወደ 380 ኒውተን ሜትር አደገ፤ መኪናዋ ፈጠነች፤ በይፋዊው መለኪያ የነዳጅ ፍጆታዋም ቀነሰ። የመኪናዋ ወዳጆች ግን አልተደሰቱም። ድምፅዋ ተራ ሆነ፣ ለእግር የምትሰጠው መልስ ደነዘዘ፣ ነፍሷ ወጣ አሉ።

ይህን ቅሬታ የባለጸጎች ቅንጦት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሆኖም በሚለካው ነገር ሁሉ የተሻለ ዕቃ ያቀረበ ድርጅት ደንበኞቹን ካስከፋ፣ ወይ ደንበኞቹ ተሳስተዋል፣ ወይ መለኪያው አንድ ነገር ጎድሎታል። የትንንሽ ቱርቦ ሞተሮች ታሪክ ሁለቱም በከፊል እውነት መሆናቸውን ያሳያል።

የቱርቦ አሠራር ቀላል ነው። ከሞተሩ ተቃጥሎ የሚወጣው ጋዝ አንዲት ትንሽ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኗም ከውጭ የሚገባው አየር ተጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ እንዲሄድ ታደርጋለች። አየር ሲበዛ የሚቃጠለው ነዳጅም ይበዛል፤ ስለዚህ ትንሹ ሞተር የትልቁን ሥራ ይሠራል። ቢኤምደብሊው በ1973፣ ፖርሽም በ1974 ይህን ጥበብ ወደ መንገድ መኪና ሲያመጡ ዓላማው ጉልበት መጨመር ብቻ ነበር። የዚያን ጊዜው ቅሬታም ሌላ ነበር፤ አሽከርካሪው ፔዳሉን ከረገጠ በኋላ ሞተሩ ለአፍታ ዝም ይላል፣ ከዚያም ጉልበቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የቢኤምደብሊው 2002 ቱርቦ የነዳጅ ቀውሱ በፈነዳበት ወቅት በመውጣቱ ከ1,700 ያነሱ መኪኖች ብቻ ተሠርተው ምርቱ ቆመ።

ቱርቦን ከጉልበት ማብዣነት ወደ ሞተር ማሳነሻነት ያሸጋገረው በመጀመሪያ ግብር ነበር። በጣሊያን ከ2,000 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና 38 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበት ነበር፤ ከዚያ በታች ያለው የሚከፍለው የዚህን ግማሽ ገደማ ነው። ፌራሪም ለአገሩ ገበያ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩን ወደ 2.0 ሊትር አሳንሶ 208ን ሠራ። በ1980 የቀረበው 208 ጂቲቢ ጉልበቱ 155 ፈረስ ብቻ ስለነበረ የፌራሪን ስም የሚመጥን አልሆነም። በ1982 ቱርቦ ሲጨመርበት ጉልበቱ 220 ደረሰ። ማሴራቲም በ1981 መጨረሻ ባለ ሁለት ቱርቦውን ቢቱርቦ በዚያው የ2.0 ሊትር ወሰን ውስጥ ይዞ ብቅ አለ። ግብሩ የታለመው ቅንጦትን ለመቅጣት ነበር፤ የሚለካው ግን ሲሲን ነው። መሐንዲሶቹም ሲሲውን ቀንሰው ቅንጦቱን አስቀሩት።

ይህ አመክንዮ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ ለረጅም ዓመታት አውቶሞቢሎችን በሲሲ ከፋፍሎ፣ እስከ 1,300 ሲሲ ላለው 30፣ እስከ 1,800 ላለው 60፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 100 በመቶ ያስከፍል ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ መኪና ዋጋ ሲወራ ሲሲ አብሮ የሚነሳው አለምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ግፊት ከብራስልስ መጣ። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባወጣው ደንብ አዳዲስ መኪኖች በአማካይ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ2015 በኪሎ ሜትር ከ130 ግራም፣ በ2021 ደግሞ ከ95 ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። ከ2019 ጀምሮ ወሰኑን ያለፈ አምራች ለእያንዳንዱ ትርፍ ግራም፣ በእያንዳንዱ በሸጠው መኪና ልክ፣ 95 ዩሮ እንዲከፍል ተደነገገ። ግራሙ የሚለካው ግን መንገድ ላይ ሳይሆን በላቦራቶሪ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚወስድ፣ 11 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር የሆነ ዝግ ያለ ጉዞ። በዚህ ፈተና ቱርቦው እምብዛም አይጠራም፤ ትንሹ ሞተርም እንደ ትንሽነቱ ጥቂት ይጠጣል። አሽከርካሪው ከላቦራቶሪ ውጭ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ ሲረግጥ ግን ቱርቦው ይነሳል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ እንዳይግል ተጨማሪ ነዳጅ የሚረጭበት ጊዜም አለ። ንጹሕ ትራንስፖርትን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት እንዳሰላው፣ በአውሮፓ በይፋዊው ቁጥርና በመንገድ ላይ በሚታየው መካከል የነበረው ልዩነት በ2001 ከነበረበት 9 በመቶ በ2015 ወደ 42 በመቶ ሰፍቷል። የልዩነቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ለፈተናው ተብሎ የተሠራ ሞተር አንዱ ነው።

የስፖርት መኪና ወዳጆች ቁጣ የገነፈለው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በ2014 የቢኤምደብሊው ኤም3 4.0 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በ3.0 ሊትር ቱርቦ ተተካ። በዚያው ዓመት ፎርሙላ 1 ባለ 2.4 ሊትር ሞተሮቹን በ1.6 ሊትር ቱርቦ ዲቃላ ሲቀይር ተመልካቹ ድምፁ ጠፋ ብሎ አጉረመረመ። በ2015 የፌራሪ 458 ቦታውን ለ488 ለቀቀ፤ የሞተሩ መጠን ከ4.5 ወደ 3.9 ሊትር ወርዶ ጉልበቱ ከ570 ወደ 670 ፈረስ ቢያድግም፣ በደቂቃ 9,000 ዙር ድረስ የሚወጣው ሞተር 8,000 ላይ ቆመ። ቢኤምደብሊው ቀደም ብሎ በ2011 ኤም5 ላይ የሞተሩን ድምፅ በመኪናው ድምፅ ማጉያዎች በኩል ማሰማት ጀምሮ ነበር። ይህ እርምጃ ቅሬታውን በተግባር ማመን ነው፤ ለማይፈለግ ነገር ማንም ምትክ አይሠራም።

ያም ሆኖ ቅሬታ ሁሉ ፍርድ አይደለም። ፖርሽ በ1990ዎቹ መጨረሻ 911ን ከአየር ማቀዝቀዣ ወደ ውኃ ማቀዝቀዣ ሲያሸጋግር ብዙዎች የመኪናዋን ፍጻሜ ተንብየው ነበር፤ 911 ግን ዛሬም አለች። በ2015 መሠረታዊዎቹ የ911 ሞዴሎች ቱርቦ ሲገባላቸውም ጩኸቱ ብዙ አልቆየም፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች በቦታቸው ነበሩና። የቦክስተር ጉዳይ ግን በዚህ አልተቋጨም። በጥር 2020 ፖርሽ በቦክስተርና በእህቷ ኬይማን ጂቲኤስ ሞዴሎች ላይ አራቱን ሲሊንደር ትቶ ቱርቦ የሌለው፣ 4.0 ሊትር፣ ባለ 400 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር መለሰ። መነሻዎቹ ሞዴሎች በአራት ሲሊንደር ቀጠሉ፤ ጨምሮ ለመክፈል ለፈቀደ ግን ያ ድምፅ ተመለሰለት። በመካከሉ መለኪያውም ተለውጦ ነበር፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ አውሮፓ ረዘም ያለና ፈጠን ያለ ፈተና ሥራ ላይ በማዋሏ ትንሹ ሞተር በወረቀት ላይ የነበረው ብልጫ ጠብቧል።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ሐሳብ እዚህ ይሠራል፤ መለኪያ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይበላሻል። ሲሲ የቅንጦት መለኪያ መሆኑ ያበቃው ግብር የተጣለበት ዕለት ነው። የላቦራቶሪው ግራምም የአየር ብክለት መለኪያነቱ የደከመው ቅጣት ከተያያዘበት በኋላ ነው። ከአንድ ሊትር ቤንዚን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በየትኛውም ሞተር ቢቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በማደያ የሚጣል ግብር ይህንኑ በቀጥታ ይይዛል። በትልቅ ሞተር እሑድ እሑድ ብቻ የሚነዳውንና በትንሽ ሞተር በዓመት 40,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዘውን ለይቶ ያውቃል፤ አንዱ ጉልበት ቢመርጥ፣ ሌላው ድምፅ፣ ሦስተኛው ቁጠባ፣ ምርጫውን ለባለቤቱ ይተወዋል።

ታዲያ መንግሥታት ለምን ይህን መንገድ አይመርጡም? መልሱ በ2018 መጸው በፈረንሳይ ጎዳናዎች ታይቷል፤ የነዳጅ ግብር ጭማሪ የቢጫ ሰደርያ ለባሾችን ንቅናቄ ቀሰቀሰ። በማደያ የሚከፈል ዋጋ ለሁሉም ይታያል። ገዢው ወደፊት የሚያወጣውን የነዳጅ ወጪ አሳንሶ ይገምታል፣ ስለዚህ ደንብ ያስፈልጋል የሚለው ክርክርም ክብደት አለው። በመኪና ላይ የሚጣል ደንብ ግን ወጪውን ይሸሽገዋል፤ ከፊሉ በመኪናው ዋጋ ውስጥ ይገባል፣ ከፊሉም ማንም በማይመዘግበው ጥራት መጓደል ይከፈላል። የስፖርት መኪና ወዳጆች ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም ይህን ስውር ክፍያ ጆሯቸው ስለለየው ከሌላው ቀድመው ጮኹ።

ጥያቄው ከቱርቦ ጋር የሚያበቃ አይደለም። ሀዩንዳይ በ2023 ያቀረበው አዮኒክ 5 ኤን ፍጹም ኤሌክትሪክ ሆኖ ሳለ የማርሽ ለውጥ ስሜትንና የሞተር ድምፅን አስመስሎ ይፈጥራል። ማርሽ የሌለው መኪና ማርሽ እንዳለው እንዲሆን መሐንዲሶች የደከሙት ገበያው ስለጠየቃቸው ነው። ኢትዮጵያም በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በመከልከሏ በዚህ ጉዞ ከብዙዎች ቀድማለች። ያ ውሳኔ ከውጭ ምንዛሪ አንጻር ብዙ ሊባልለት ይችላል። የሚመዘነው ግን ስንት የነዳጅ መኪና በመቅረቱ ብቻ ሊሆን አይገባም። ገዢው የተሰጠውን ምትክ ሲይዝ ምን እንዳጣ፣ ለምሳሌ ከከተማ ርቆ የመሄድ ነጻነትን፣ ጠጋኝ በቅርብ የማግኘትን እርግጠኝነት፣ መጠየቅም ከደንብ አውጪው ይጠበቃል።