ጢሱ ሲታወስ አስታማሚው ተረሳ

ኅዳር 12 ሚካኤል ነው። አዲስ አበቤ ከየደጁ የጠረገውን ቆሻሻ አቃጥሎ ከተማውን በጢስ ያፍናል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል።

ነገሩ ከ1911 ዓ.ም. ጋር ይያያዛል። ኅዳር 2 ቀን የአውሮፓ ጦርነት ሲቆም እኛ ዘንድ የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ሰው ይፈጅ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ጠንቶባቸው ለጥቂት ተረፉ። በኋላም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ላይ በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው ማለቁን ጽፈዋል።

ክርክሩ ያለው የጢሱ ልማድ መነሻ ላይ ነው። አንዳንዱ «በዚያ ዓመት ቆሻሻ ይቃጠል ተብሎ ታዘዘ፤ ልማዱ የመጣው ከዚያ ነው» ይላል። ሌላው ከወረርሽኙ በፊትም ነበረ ባይ ነው። በሽታን በጢስ ማባረር በየቤቱ የቆየ ብልሃት መሆኑን ላሰበ፣ ትእዛዝ ወጥቶ ቢሆን እንኳ ለነባሩ ልማድ ቀን ቆረጠለት ከማለት አያልፍም። ሰው ጢሱን የሙጥኝ ቢል አይፈረድበትም፤ ሐኪም የት ነበርና? የምኒልክ ሆስፒታል ቢኖርም ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በዘመናዊ ሕክምና ቀዳሚው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዚያ ሰሞን በርማ ነበሩ። ለበሽታው መድኃኒት በሐኪሞቹም እጅ አልነበረም። ውኃ ያጠጣው፣ ላብ የጠረገው፣ ሬሳ ያነሳው ጎረቤት ነው። የመኳንንቱ መታመምና መዳን ተጻፈ፤ የእነዚህ ጎረቤቶች ስም ግን አልተጻፈም።

ጽሑፍ ያቆዩልን በአብዛኛው አዲስ አበባ የነበሩ ናቸውና፣ እንደ ወሎ ያለ ክፍለ አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻው ትንሽ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012፣ ኮሮና አገር መግባቱ ተነገረ። ክትባቱ የተጀመረው ልክ በዓመቱ ነው። በሰሜኑ ጦርነት፣ በነሐሴ 2013፣ የወሎዋ ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ ውጊያው በመርሳና በሀብሩ በኩል አልፎ ደሴ ደረሰ። የመንግሥት ጦር በታኅሣሥ 2014 ወልድያን መልሶ ሲይዝ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ተገኘ። የወልድያና የመርሳ ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወረርሽኙንና ጦርነቱን በአንድ ዓመት አዩ።

የወልድያ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው፤ ሰዎቹም በሕይወት አሉ። እነሱም እንደ 1911ዱ አስታማሚዎች እንዳይረሱ የአካባቢው ዞን ጤና መምሪያና ዩኒቨርሲቲው ተባብረው የእነዚህን ባለሙያዎች ቃል ዛሬውኑ ይቅረጹልን፤ ማንነታቸው ይጠበቅ ለሚሉትም ስማቸው ይሸፈን።