አባወራ፣ እማወራ፣ ሌላ

በፈረንጆቹ ሜይ 29 ቀን 1978 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም የፈረንጅ ናቸው) ጓቲማላ ውስጥ ፓንሶስ በምትባል ከተማ የማያ ገበሬዎች የመሬት አቤቱታ ይዘው አደባባይ ወጡ። ወታደሮች ተኮሱባቸው፤ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዷ አዴሊና ካል ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ማማ ማኪን የሚላቸው አያት።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጦሩ የማያ መንደሮችን ሲያቃጥል ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ሜክሲኮ ገባ። ወደ 45 ሺህ የሚሆኑት እዚያ በስደተኛነት ታወቁ። ካምፑ ውስጥ ማም፣ ካንሆባልና ቹህ የሚናገሩ፣ አገራቸው ቢቀሩ ኖሮ ምናልባት የማይተዋወቁ ሴቶች ጎረቤት ሆኑ። ብዙዎቹ ስፓኒሽ አይችሉም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። በ1990 ቺያፓስ ላይ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙና በአያትየዋ ስም "ማማ ማኪን" አሉት። አባላቱ በሺዎች ሆኑ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ደገፋቸው፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሕግ፣ ስብሰባ ላይ ተነስቶ መናገር። በእርዳታ ሪፖርት ላይ ይሄ "አቅም ግንባታ" ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል። ባሏ ፊት በስብሰባ ተናግራ ለማታውቅ ሴት ግን አንድ መስመር አይደለም።

ኦክቶበር 8 ቀን 1992 ስደተኞቹ ራሳቸው ከመንግሥት ጋር ተደራድረው የመመለሻ ስምምነት ተፈረመ። መሬትም ነበረበት። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ባል የሞተባት ወይም ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት በራሷ ስም መሬት ማግኘት ትችላለች። ባለትዳሯስ? የቀበሌ ፎርም የሞላ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ አባወራ አለ፣ እማወራ አለች፣ ባል ያላት ሴት ግን ሁለቱንም አይደለችም፤ በባሏ ስር ያለች አንድ ቁጥር ናት። እኔ ዳታቤዝ እየሠራሁ ነው የምውለው፤ አንድ ስም ብቻ የሚቀበል ሳጥን ማን ባለቤት እንደሆነ አስቀድሞ ወስኗል። "ፎርሙ እንደዚህ ስለሆነ ነው" ሲባል ብዙም አላምንም።

ማማ ማኪኖች የጠየቁት ቀላል ነው፤ ደብተሩ ላይ የሁለታችንም ስም ይግባ። የመጀመሪያው ትልቅ ቡድን ጃንዋሪ 20 ቀን 1993 አገሩ ገባ። ከተመለሱ በኋላ ነው ጠቡ የመጣው። ካምፕ ውስጥ ሲያጨበጭቡላቸው ከነበሩት ወንዶች ብዙዎቹ አሁን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባል ባልየው ብቻ ነው አሉ፤ የሴቶቹ ድርጅትም የስደት ጊዜ ነገር ነበር፣ አበቃ ተባለ። ዛቻ የደረሰባቸውም ነበሩ። እንደኔ፣ ካምፕ ውስጥ ጭብጨባው ርካሽ ነበር፤ የሚካፈሉት መሬት አልነበረማ። ስለ ሴት ስደተኞች አመራርነት ሲወራ ይሄ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሥልጠናው ይነገራል፣ የምስክር ወረቀቱ ፎቶ ይነሳል፣ መሬቱ በማን ስም እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

በ1999 የወጣው የጓቲማላ የመሬት ፈንድ ሕግ ለባልና ሚስት የሚሰጥ መሬት በሁለቱም ስም እንዲሆን ደነገገ። ሕጉ ሲወጣ ከሜክሲኮ የተመለሱት አብዛኞቹ ቤተሰቦች መሬታቸውን ተረክበው፣ በቆሎም ዘርተው ነበር።