ስለ ውድድርና ስለ እኩልነት፤ ከእንጅባራ የፈረስ ሜዳ የተገኘ ትምህርት

የሰው ልጅ በማኅበር መኖር ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ በልቡናው ውስጥ ሁለት ምኞቶች ሲታገሉ ኖረዋል። አንደኛው ከባልንጀራው በልጦ ለመታየት ያለው ምኞት ነው፤ ሁለተኛውም ከባልንጀራው አንሶ ላለመታየት ያለው ምኞት ነው። ከመጀመሪያው ውድድር ተወለደ፤ ከሁለተኛውም እኩልነት ተወለደ። በአሁኑ ዘመን ሕግ ለሁላችንም «እኩል ናችሁ» ይለናል፤ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያውና መሥሪያ ቤቱ ግን በየቀኑ «ከሌላው ብለጡ» እያሉ ያዙናል። ሰውም ከነዚህ ከሁለቱ ትእዛዞች መካከል ቆሞ የትኛውን እንደሚፈጽም ይጨነቃል። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጭንቀት ከሩቅ አገር ፍልስፍና ሳይሆን ከገዛ ታሪካችን፣ ይልቁንም ከእንጅባራ የፈረስ ሜዳ ተነሥተን ልንመረምረው አስበናል።

እንጅባራ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ፣ የአዊ ዞንም ዋና ከተማ ናት። በዚህ አገር ፈረስ የመኳንንት ጌጥ ብቻ ሆኖ አልኖረም፤ ቀንበር ተጭኖበት ያርሳል፣ ሸክም ይሸከማል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ በለቅሶም ቀን ከባለቤቱ ጋር ይቆማል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው በዚህች ከተማ ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1932 ዓ. ም.፣ የኢጣልያ ጦር ገና ከአገራችን ሳይወጣ ሲሆን፣ ዓላማውም በዐድዋ ጦርነት የዘመቱትን አርበኞችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ለማሰብ ነው። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት የተገኘ እንደ መሆኑ፣ የማኅበሩም በዓል በወርኀ ጥር በዚያው በፈረሰኛው ሰማዕት ዕለት ይውላል። አገር በጠላት እጅ ሳለ የቀደመውን ድል ለማሰብ መሰብሰብ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አንባቢ ራሱ ይፍረደው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ነገሥታቱ ሁሉ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው ተብለዋል። ነገር ግን ከእነርሱ በስተኋላ የጋለበው የብዙ ሺህ ሰው ፈረስ ስሙ በታሪክ አልተጻፈም። የእንጅባራው ማኅበር የተነሣው ስሙ ያልተጻፈውን ፈረስና ፈረሰኛ ጭምር ለማሰብ ስለ ሆነ፣ ገና ከጥንስሱ የእኩልነት ሐሳብ አለበት ለማለት እንደፍራለን።

በበዓሉ ዕለት ግን የሚታየው ውድድር ነው። ግላስ የለበሱ፣ ልጓማቸው ያጌጠ ፈረሶች በሜዳው ይሰለፋሉ፤ ሽምጥ ግልቢያ አለ፣ ስግሪያ አለ፣ ጉግስም አለ። ሁሉም ለመቅደም ይሽቀዳደማል፤ የቀደመው ይመሰገናል፣ የተቀደመውም ይቈጨዋል። ነገር ግን ግልቢያው አልቆ ሰው ከእርካብ ሲወርድ ሌላ ሕግ ይጀምራል። በማኅበር ወግ መዋጮው እኩል ነው፤ ጽዋውም በተራ ይዞራል፤ ኀዘን የደረሰበትን ሰው ሲያጽናኑ «ባለፈው ጥር ቀድመህ ነበር ወይስ ተቀድመህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰባት ቤት አገው ከሰባት ወንድማማቾች እንደ ተወለደ በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ ወንድማማቾች በጨዋታ ይሽቀዳደማሉ እንጂ በአባታቸው ቤት አንዱ ጌታ ሌላው ሎሌ አይሆኑም። እንግዲህ አባቶቻችን ውድድርንና እኩልነትን ያስታረቁት አንዱን በማጥፋት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱን ስፍራ በመስጠት ነው። ውድድር በሜዳ፣ እኩልነትም በማዕድ እንዲውል አደረጉ።

ይህ ልማድ በፈረስ ሜዳ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአጨዳ ጊዜ በደቦ የተጠሩ ጎበዛዝት እየዘፈኑና እየተሽቀዳደሙ ያጭዳሉ፤ ማታ ግን የቀደመውም የዘገየውም ከአንድ ገበታ ይበላል። በወንፈል የአንዱ ቀን በሌላው ቀን ይመለሳል። በዕቁብም ማን አስቀድሞ እንደሚወስድ የሚቈርጠው ዕጣ ነው፤ በመጨረሻም ሁሉ እኩል ያዋጣል፣ ሁሉ እኩል ይወስዳል።

ሆኖም የቀድሞው ኑሯችን ሁሉ እንዲህ የተስተካከለ ነበረ ብንል ታሪክን መዋሸት ይሆንብናል። የጎጃምን የርስት ሥርዐት እንመልከት። በዚህ ሥርዐት የአቅኚው አባት ዘር የሆነ ሁሉ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ቈጥሮ፣ ከመሬቱ ድርሻ ለመጠየቅ መብት ነበረው። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከየት ይገኛል? ነገር ግን ዘር እየበዛ መሬቱ ግን እንደ ነበረ ስለሚቀር፣ መብቱን ወደ መሬት የሚለውጠው ክርክር ሆነ። አንደበተ ርቱዕ የሆነ፣ ዘመድ ያለው፣ ወደ ሹም ቤት መግባት የለመደ ሰው ብዙ አገኘ፤ ድኻውና ባልቴቲቱ ግን መብታቸውን ይዘው ያለ መሬት ወይም በጥቂት መሬት ቀሩ። «ርስት በሺሕ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ምሳሌ ተስፋም መፅናኛም ነበረ፤ ሺሕ ዓመት መጠበቅ የማይችለውን ሰው ግን አላጠገበውም። ይህ የሚያስተምረን እኩልነት በመብት ብቻ ሲቀር ውድድሩ በስውር እንደሚገባበትና ለኀይለኛው እንደሚያደላ ነው።

ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝም ወሰነ። ጭሰኛው ከባለ መሬቱ ቀንበር ወጣ፤ ይህ በታሪካችን ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን የዚያ ዘመን መንግሥት እኩልነትን ካስገኘ በኋላ ውድድርን ፈራው። ገበሬው ካመረተው እህል የተቈረጠለትን ኮታ በተቈረጠለት ዋጋ ለመንግሥት የእህል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። ዋጋው ከገበያው በታች ስለ ነበረ፣ የበረታው ገበሬ የብርታቱን ዋጋ አላገኘም፤ ጎተራውን የሞላ ሰው እንደ ተመሰገነ ሳይሆን እንደ ተቀጣ ቈጠረው። በመጨረሻም መንግሥቱ ራሱ በ1982 ዓ. ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ አውጥቶ ከዚህ መንገድ ተመለሰ። ሁሉም ፈረስ እኩል እንዲደርስ ተብሎ የፈጣኑ እግር ቢታሰር፣ ዘገምተኛው አይፈጥንም፤ ሜዳው ብቻ ዝም ይላል።

የውጭውም ዓለም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በቻይና አገር የመንግሥት ሹማምንት ከ1,000 ዓመት በላይ በፈተና ሲመረጡ ኖረው፣ ይህ ፈተና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ቀረ። ፈተናው ለድኻ ልጅም ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ልጁን ለብዙ ዓመታት ከሥራ አሳርፎ፣ መምህር ቀጥሮ ሊያስጠና የሚችለው ባለጠጋ ነበረ። በፈረንሳይም በ1789 የወጣው የሰው ልጅ መብት መግለጫ፣ ዜጎች ሁሉ ከምግባራቸውና ከችሎታቸው በቀር ሌላ ልዩነት ሳይደረግባቸው ለመንግሥት ሹመት እንዲበቁ ፈቀደ። ይህ ቃል የትውልድን ማዕርግ ከበሩ ላይ አነሣው። በሩ ለሁሉ በተከፈተ ጊዜ ግን ሁሉ ወደዚያው በር ተጋፋ፤ እኩልነት ውድድርን አላስቀረውም፣ እንዲያውም አበዛው። ቀድሞ ጌታ የነበረው ሰው «የተወለድሁት እንዲህ ሆኜ ነው» ይል ነበር፤ ሎሌውም ድኽነቱን የዕድል ነገር አድርጎ ይጽናና ነበር። በአዲሱ ሥርዐት ግን አሸናፊው «በችሎታዬ ነው» ይላል፤ ተሸናፊውም በገዛ ራሱ ያፍራል። የዘመናችን ውድድር ከጥንቱ ይልቅ ልብን የሚያቈስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሆነም ችሎታ የምንለውን ነገር አመጣጥ መመርመር ያስፈልጋል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም. በሮማ ከተማ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈ ጊዜ፣ ዓለም ሁሉ በችሎታው ተደነቀ። ችሎታው በእርግጥ የራሱ ነበረ። ነገር ግን ክቡር ዘበኛ ባይቀጥረው፣ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ባያሠለጥነው ኖሮ፣ ያ እግር በየትኛው ዳገት ላይ ሳይታወቅ ይቀር ነበር? በያንዳንዱ ወረዳ ውስጥ ያልታዩ ስንት እግሮች፣ ስንትስ አእምሮዎች ቀርተው ይሆን?

አሁን ወደ ዘመናችን ታላቅ ውድድር፣ ወደ 12ኛ ክፍል ፈተና እንምጣ። የ2014 ዓ. ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ ተደረገ። ይህም የተደረገው ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከልከል፣ ሁሉም በአንድ ዐይን እየታየ ከአንድ መስመር እንዲነሣ ለማድረግ ነበር። ውጤቱ በተገለጸ ጊዜ ግን ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀሩ። አንድ ልጅ ሲወድቅ ስንፍናውን እንወቅስ ይሆናል፤ አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ሲወድቅ ግን ወቀሳውን ለልጆቹ ብቻ መስጠት ፍርድ ማጓደል ነው።

የእንጅባራ ፈረሰኛ ይህን ነገር ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። ሁለት ፈረሶች ከአንድ መስመር ሊነሡ ይችላሉ፤ ነገር ግን አንደኛው ገብስ ሲበላ የከረመ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቀን ሲያርስ ውሎ ማታ የደረቀ ሣር የነጨ እንደ ሆነ፣ ውድድሩ ያለቀው ገና ከግርግሙ ላይ ነው። መስመሩ አንድ ነው፤ ግርግሙ ግን አንድ አይደለም። ቤተ መጻሕፍትና በቂ መምህራን ባሉበት ከተማ የተማረ ልጅና ከብት ከጠበቀ በኋላ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ፣ ወይም በጦርነት ምክንያት ትምህርቱ ተቋርጦበት የተማረ ልጅ በአንድ ወረቀት ሲለኩ፣ የሚለካው የልጆቹ አእምሮ ብቻ አይደለም፤ እኛ አዋቂዎቹ ያዘጋጀንላቸውም ግርግም አብሮ ይለካል።

ይህን ስንል ፈተናው ይቅር ማለታችን አይደለም። ፈተና ቢቀር በስፍራው የሚገባው ዝምድናና እጅ መንሻ እንደ ሆነ፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በሚገባ እናውቃለን። እኛም ራሳችን የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት ጨርሰን ከዚያ በላይ ለመዝለቅ ያልቻልን ሰዎች ነንና፣ በውጤት መግለጫ ቀን ስሙን ያጣ ልጅ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም አልዘነጋነውም። ቢሆንም ልጁ ቤቱ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቀው የሚወስነው ፈተናው አይደለም፤ ኅብረተ ሰቡ ነው። ከዚያ ውጤት በኋላ ብዙ ሺህ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲከታተሉ መደረጉን እንደ መልካም ጅማሬ እንቈጥረዋለን፤ የወደቀውን ከሜዳው ሳያስወጡ እንደ ገና ማሠልጠን ነውና። ሞያ የሚማርበት ቤት፣ ሥራ የሚጀምርበት ገንዘብ፣ ሳያፍር የሚቀመጥበት ማዕድም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ከታሪካችን ያገኘነውን ትምህርት ባጭሩ እናስቀምጥ። የርስቱ ዘመን እኩልነትን በቃል ሰጥቶ ውድድሩን ለኀይለኛ ተወው፤ የኮታው ዘመን ውድድርን አስሮ ትጋትን አደከመ፤ የእኛ ዘመን ደግሞ መስመሩን ለማስተካከል ሲደክም ግርግሙን ሊዘነጋ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉናል። አስቀድሞ ግርግሙ ይስተካከል፤ ቀጥሎ በሜዳው ላይ ማንም ሳይታሰርና ሳይደገፍ ይጋልብ፤ በመጨረሻም ከእርካብ ከወረዱ በኋላ የቀደመውም የተቀደመውም ከአንድ ማዕድ ይቀመጥ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል የቀሩት ሁለቱ አይጸኑም።

በዐድዋ ሜዳ ከተሰለፉት ፈረሶች አንዱ ከሌላው ይፈጥን እንደ ነበረ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ድሉ የፈጣኖቹ ብቻ ድል ተብሎ አልተጠራም። እንጅባራም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚሰለፈውን ፈረሰኛ ሁሉ የምታከብረው ስለዚህ ነው። ልጆቻችንም ከባልንጀሮቻቸው ለመቅደም ሲሮጡ፣ የሚሮጡት ለአንድ አገር መሆኑን እንዲያውቁ ማድረግ የእኛ የታላላቆቻቸው ዕዳ ነው።