የፕሪንሲፔ ጉጉት

በጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ከምድር ወገብ ትንሽ በስተሰሜን በምትገኘው በፕሪንሲፔ ደሴት ብቻ የሚኖር፣ ሌሊት የሚነቃ ትንሽ የጉጉት ዝርያ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኦቱስ ቢኬጂላ። መኖሪያው ሰው ባልሰፈረበት የደሴቲቱ ደቡብ፣ በኦቦ የተፈጥሮ ፓርክ ውስጥ ያለው ጥንታዊ ደን ሲሆን ስፋቱ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ ከ1,000 እስከ 1,500 ይገመታል። ገና ሲጨልም «ቱ» የሚል አጭር ድምፁን በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይደጋግማል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ወፎች እየተቀባበሉ ይጮኻሉ።

ተመራማሪዎች መኖሩን ያረጋገጡት በ2016፣ አዲስ ዝርያ ብለው የመዘገቡት ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። የደሴቲቱ ሰዎች ግን አስቀድመው ያውቁት ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቢኬጂላ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ሴሲሊያኖ ዶ ቦም ዠሱስ ነው። ቀድሞ በቀቀን ከጎጆው እያወረደ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ በኋላ የፓርኩ ጠባቂ ሆነ። ስለ ወፉ የሚያውቀውን ለተመራማሪዎች አካፍሏል፤ በፍለጋውም አብሯቸው ደክሟል። ዝርያው በእርሱ ስም መጠራቱ የሚገባው ክብር ነው።

የዝርያው ህልውና በዚህ ጠባብ ደን ላይ ብቻ ስለተንጠለጠለ፣ የደኑንም ጥቂት ክፍል የሚነካ አነስተኛ የኃይል ማመንጫ ግድብ ስለታቀደ፣ አጥኚዎቹ እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ በተጋለጡት ምድብ እንዲመዘገብ ጠይቀዋል።