«ሳይታሰብ» ስለሚለው ቃል

«ሳይታሰብ የደረሰ» የሚለው አነጋገር ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው «ማንም ሳይፈልገው»፣ ሁለተኛው «ማንም አስቀድሞ ሳያስብበት» ማለት ነው። ሁለቱን መለየት ከጥንት ጀምሮ የሕግ ተግባር ሆኖ ኖሯል።

ኦሪት ዘዳግም ሁለቱንም ያውቃቸዋል። በምዕራፍ 19 እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው፣ ቀድሞ ጠላትነት ስላልነበረው፣ ወደ መማፀኛ ከተማ ሸሽቶ እንዲድን ይፈቅዳል። በምዕራፍ 22 ግን አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ከዚያ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናልና።

የኢትዮጵያ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም አስቦ የተደረገውን፣ በቸልተኝነት የተደረገውን፣ ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ የደረሰውን ለያይቶ ደንግጓል። የመጨረሻው አያስቀጣም። ይህ ክፍፍል በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ጸንቷል።

ልዩነቱ በምሕንድስና ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ በስኮትላንድ የቴይ ወንዝ ድልድይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1879 ድልድዩ በዐውሎ ነፋስ ባቡር እያለፈበት ፈረሰ፤ በባቡሩ ከነበሩት አንድም አልተረፈም። ጥፋቱን የፈለገ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1880 የተካሄደው ምርመራ እንዳሳየው፣ ንድፉ ሲዘጋጅ ለነፋስ ግፊት የተለየ ስሌት አልተደረገለትም ነበር።

ድልድዩ «ሳይታሰብ ፈረሰ» ቢባል በሁለቱም ትርጉም እውነት ነው። ሆኖም አንደኛው ያጽናናል፤ ሁለተኛው ይጠይቃል። ስለዚህ የአደጋ ሪፖርት የሚጽፍ መሐንዲስ ይህን ቃል ከተጠቀመ፣ ማሰብ የማን ድርሻ እንደነበረ አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል።